ባመክሮ

ከአቃቂ ፍርድ ቤት አጥር ሥር
ዣንጥላና በርጩማ አለኝ፤
ካርቦን፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀት፤
የተከፋ ሰው ሲመጣልኝ
በሕግ ቋንቋ አልብሼ
ብሶቱን ወደ ውስጥ የምሸኝ።

ኅዳር ሲጋመስ መጣች
ወይዘሮ ዲንቄ ከኮዬ፤
«አንድ ቃል ጠፍቶብኛል» አለች፣
«ፈልግልኝ ጌታዬ።

ልጄን ሌንጂሳን ዘጠኝ ዓመት ሲፈርዱበት፣
ጠበቃው ከችሎቱ ደጃፍ፣ እንባዬን ስጠርግበት፣
‹አይዞሽ፣ በመከር ይወጣል› አለኝና ሄደ።
እኔም መከር ጠበቅሁ።

ስድስት ኅዳር ጠበቅሁ።
ጤፉ ሲታጨድ ወጥቼ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤
(የሰው ጤፍ ነው። የኔማ ማሳ
አራት ፎቅ ሆኖ ልብስ ይሰጣበታል።)
ነዶው ይከመራል፣ ይወቃል፣
ገለባው በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤
ልጄ አይመጣም።
ዘንድሮ ደግሞ በኛ በኩል አንድም ማሳ አልቀረም።
መከር ከሌለ እንግዲህ
በምን ሊፈቱልኝ ነው?»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ።
«ባመክሮ ነው ያለሽ እናቴ፣ በመከር አይደለም።»
«በ» አንድ እግሯ ሲረዝም፣
«ር» ከንፈሯን ስታሞጠሙጥ፣
ስድስት ዓመት ገባበት መሐሉን።

«ምሕረት ነው?» አለችኝ።
«አይደለም።»
«ይቅርታ ነው?»
«እሱም ሌላ ነው፣ የሚሰጡትም ሌሎች ናቸው።»
«ገደብ የሚሉትስ?»
«ገደብ ሳይገቡ ነው። ይሄ ከገቡ በኋላ ነው።
ከሦስት እጅ ሁለቱን በመልካም ጠባይ ከጨረሰ፣
ሦስተኛውን እጅ እቤቱ ሆኖ ይፈጽማል፤
ሰው እያየው።
ካጠፋ ግን ይመለሳል።»
«ታዲያ በኛ በተራው ሰው አፍ ምን ይባላል?»

ዝም አልሁ። ቃሉን የማውቀው ከሕግ መጽሐፍ አልነበረም።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ከገዳም ደጅ ቆሜ
«ሦስት ዓመት አመክሮ» ተባልሁ ከነስሜ፤
ውኃ ቅዳ አሉኝ፣ እንጨት ፍለጥ አሉኝ፣
ሳልሰርቅ «ሌባ» ብለው ይቅርታ አስጠየቁኝ።
«መፈተን ነው ፍቺው» አሉኝ አባ ገብረ ኄር፣
«መከራ ዘመዱ ነው፣ ከአንድ ግንድ የሚፈጠር።»
በሁለተኛው ክረምት ዝናቡን መከታ
ሳልታሰር አመለጥሁ፣ አጥር ዘልዬ ማታ።

ያው ቃል በሁለት በር ቆሟል፤
በገዳሙ በር ለመግባት፣
በቂሊንጦ በር ለመውጣት።
ይህን ለሷ አልነገርኋትም።

«ፈተና ነው» አልኋት ብቻ።
አሰበች። መቀነቷን ፈታ መልሳ አሰረች።
«እሱስ ይፈተን፣ ደግ ነው።
ጎረቤቱስ?
ሞባይል በጠፋ ቁጥር ዓይኑን ወደኔ ቤት የሚወረውረው፣
ሠርግ ሲጠራ የኛን በር የሚዘለው፣
እሱስ አመክሮ የለውም?»

ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አላውቅም።

ጻፍሁላት። አውራ ጣቷን ሐምራዊ ቀለም ነክራ ፈረመች፤
ጣቷ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለ፣ አሻራው ላይ ነጭ መስመር ሆኖ ወጣ።
መቶ ብር ዘረጋች፣ ግማሹን ለታክሲዋ መለስሁ፤
ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች።

ማታ ዣንጥላዬን ሳጥፍ የካርቦኑን ግልባጭ አነበብሁ፦
«…የቅጣቱን ከሦስት እጅ ሁለቱን የፈጸመ ስለሆነ
በመከር እንዲለቀቅልኝ…»
በገዛ እጄ።
አሥራ ስምንት ዓመት የጻፍሁ ሰው።

ሮጥሁ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስሁ።
ልጅቷ ማኅተሙን መትታ፣ ቁጥር ሰጥታ፣ ከፋይሉ አስራዋለች።
«ምን ረሳህ?» አለችኝ።
አንብባው እንደሆን ፊቷን አየሁ።
አላነበበችም።
«ምንም» አልኋት።
የመዝገቡን ቁጥር መዳፌ ላይ ጽፌ ወጣሁ።